ያላበበው የዶን ኤውሴቢዮ ድስት

«ተረት ልጫንባችሁ?»

«ይጫኑብን።»

«የሚወርደው ሩቅ አገር ነው።»

«ይራቅ። ትከሻ አለን።»

እንግዲህ ስሙ። በአንድ መስከረም፣ ዝናቡ ባቆመ ሰሞን፣ በሜክሲኮ አገር በቀይ ኮረብታ ሥር ባለች መንደር፣ ዶን ኤውሴቢዮ የሚባል ባለጸጋ የዓመቱን ውሃ በእፍኝ ጨው አጣ። የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። መንደሩ ሁሉ አደባባይ ላይ ቆሞ አይቷል።

ሜክሲኮ ስል አዲስ አበባ ያለውን አደባባይ አይደለም። ባሕር ማዶ ያለውን አገር ነው። ዶን ማለትም በእነሱ ቋንቋ ሰው ማክበሪያ ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው።

በዚያች መንደር ውሃው አንድ ነበር። ከኮረብታው ሥር አንድ ምንጭ ይፈልቃል፤ ከምንጩ አንድ ቦይ ይወርዳል። ዝናብ ሲያቆም ማሳ ሁሉ የሚጠጣው ከዚያ ቦይ ነው። መጀመሪያ ያጠጣ ይጠግባል። መጨረሻ ያጠጣ ጭቃ ይደርሰዋል። በውሃ ስንት ሰው ተፈነካከተ። ስለዚህ አባቶቻቸው አንድ ሥርዓት አወጡ። በበዓሉ ቀን መንደሩን ያበላ ሰው የዓመቱን የመጀመሪያ ተራ ይወስዳል። አብላዮቹ ሁለት ከሆኑ ድስቶቻቸው አደባባይ ላይ ጎን ለጎን ይጣዳሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሽማግሌው ይቀምሳል። የተሻለው ድስት ባለቤት ውሃውን ይወስዳል። የተሸነፈው መጨረሻ ያጠጣል።

የሚቀርበው ምግብ ፖዞሌ ነው። ፖዞሌ የነጭ በቆሎና የአሳማ ሥጋ ሾርባ ነው። አሳማ እኛ ዘንድ አይበላም፤ እዚያ ይበላል። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነውና ይህን እንለፈው። ዋናው በቆሎው ነው። እንደ እኛ ንፍሮ ዝም ተብሎ አይቀቀልም። መጀመሪያ በኖራ ውሃ ይፈላል፤ ገለፈቱ ይለቃል። ይታሻል፣ ይታጠባል። ቀጥሎ ፍሬው ከቆረቆንዳው ጋር ተጣብቆ የነበረበት ጠንካራ ጫፍ በጥፍር ይነቀላል። እያንዳንዱ ፍሬ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ በኋላ ነው ከሥጋው ጋር የሚጣደው። በደንብ ከተሠራ ፍሬው እሳቱ ላይ ይከፈታል፤ ነጭ አበባ ይመስላል። ያላበበ እንደሆነ ፖዞሌ አይባልም።

ዶን ኤውሴቢዮ አሳማ በአሳማ ነበር። በየዓመቱ እሱ ያበላል። በየዓመቱ ውሃውን እሱ ይወስዳል። የሌላው ማሳ ይደርቃል፤ የደረቀበት ሰው ማሳውን ይሸጣል፤ የሚገዛው ዶን ኤውሴቢዮ ነው። በቦዩ ጫፍ የቀረችው የሬፉሂያ ማሳ ብቻ ነበረች። ሬፉሂያ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከዚያች ማሳ በቀር ምንም የላትም።

ዶን ኤውሴቢዮ በአጥሯ ሥር ሲያልፍ ፈረሱን ይገታና ይነካካታል።

«ሬፉሂያ፣ ማሳሽ ጠምቶታል።»

«ይጠጣል፣ ዶን ኤውሴቢዮ።»

«ከየት አምጥቶ?»

«ከሚጠጣበት።»

«ዘንድሮም ከደረቀ ለእኔ ትሸጪዋለሽ።»

«ዘንድሮም ከደረቀ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? እርስዎም አጥሩን በዓይንዎ ለክተው ጨርሰዋል።»

እሱ ያላወቀው ነገር ነበር። ሬፉሂያ ከጓሮዋ አንድ አሳማ ታሳድግ ነበር። አረም ነቅላ ታበላዋለች። የጎረቤት ፍርፋሪ ለምና ታበላዋለች። በዓሉ ሲቀርብ አሳማው በበሩ አልወጣ ብሎ አጥር ፈርሶለት ወጣ። ሬፉሂያ ወደ መንደሩ ሽማግሌ ወደ ዶን ፕላሲዶ ሄደች።

«ዘንድሮ እኔም እጥዳለሁ» አለች።

ዶን ፕላሲዶ አፉ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ጥርስ በምላሱ ነካ ነካ አደረገ።

«ልጄ፣ ከዶን ኤውሴቢዮ ጋር?»

«ሥርዓቱ ይከለክላል?»

«ሥርዓቱማ አይከለክልም።»

«እንግዲያው ሁለት ጉልቻ ያዘጋጁ።»

ወሬው ከእሷ ቀድሞ መንደሩን አዳረሰ። ዶን ኤውሴቢዮ ሲሰማ ሳቀ። አሳማውን ሲያይ ሳቁን አቆመ።

በመጀመሪያ ኖራውን ያዘባት። ቤት ለቤት እየዞረ በመንደሩ ያለውን ኖራ ሁሉ ገዛ። ሬፉሂያ በቆሎዋን ይዛ ብትዞር ኖራ የሚባል ጠፋ። ኖራ ከሌለ ገለፈት አይለቅም። ገለፈት ካልለቀቀ አበባ የለም።

ሬፉሂያ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ቅርጫት አንጠልጥላ በቀጥታ ወደ ዶን ኤውሴቢዮ ቤት ሄደች።

«ኖራ ልትለምኚኝ መጣሽ?» አላት በረንዳው ላይ ተቀምጦ።

«የለም። ከማድቤትዎ አመድ ቢሰጡኝ ብዬ ነው።»

«አመድ?»

«አመድ።»

ዶን ኤውሴቢዮ እየሳቀ ወጥ ሠሪውን ተጣራ። «ቶማሳ! ለዚች ሴት ምድጃውን ጥረጊላት። እስከዛሬ በነፃ የሚጠርግልን አጥተን ነበር።»

ቶማሳ በዚያ ቤት ያረጀች ሴት ናት። ቅርጫቱን ነጭ የእንጨት አመድ ሞላችው። ስትሰጣት ሬፉሂያን ዓይን ዓይኗን አየቻት። ሁለቱም ያውቁታል። አያቶቻቸው ኖራ ሳይገዛ በፊት በቆሎ የሚልጡት በአመድ ውሃ ነበር። ሬፉሂያ አመዱን በጠበጠች፣ አጠለለች፣ በቆሎዋን አፈላች። ገለፈቱ ከፍሬው ላይ እንደ እባብ ቆዳ ተገፎ ወረደ። በዶን ኤውሴቢዮ አመድ።

ሁለተኛ፣ እጅ ከለከላት። ጫፉን መንቀል የብዙ እጅ ሥራ ነው፤ አንድ ሰው ቢጀምረው በዓሉ ያልፍበታል። ዶን ኤውሴቢዮ ጉልበት ያለውን ሁሉ፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ የድንጋይ ካብ ሊያስክብ በጥሩ ዋጋ ቀጠረ። ካቡ የሚያስፈልገው አልነበረም። መንደሩ ባዶ ሆነ።

ሬፉሂያ በሯ ላይ ቁጭ ብላ ባዶውን መንገድ አየች። መንገዱ ግን ጨርሶ ባዶ አልነበረም። አሮጊቷ ኢግናሲያ በምርኩዝ እየተደገፈች ትመጣ ነበር።

«እማማ ኢግናሲያ፣ እርስዎን አልቀጠሩዎትም?»

«ምን?» አለች ኢግናሲያ። ጆሮዋ ከብዷል።

«አልቀጠሩዎትም ወይ?»

«እኔን ድንጋይ ላይ? ድንጋዩ እኔን ይሸከመኝ እንደሆነ ነው።»

«ጥፍር አለዎት?»

ኢግናሲያ እጇን ዘርግታ አሳየቻት። «ጥርስ ነው የሌለኝ። ጥፍርማ አለኝ።»

ኢግናሲያ ሄዳ የመንደሩን አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ሁሉ ሰበሰበች። ጎባጣው መጣ። ዓይኗ የጠፋባት በመዳበስ መጣች። በቆሎውን መሐል አድርገው ተቀመጡ። ጥፍራቸው በቆሎ ነቀለ፤ አፋቸው ደግሞ ዶን ኤውሴቢዮን።

«አባቱ እንኳ እንዲህ አልነበረም።»

«አባቱማ የሚጋልበው አህያ ነበር። አህያዋም የተዋሳት ናት።»

«ልጁ ፈረስ ላይ ወጥቶ አህያዋን ረሳት።»

እንዲህ እየተሳሳቁ ያንን ሁሉ በቆሎ ጨረሱት። ካቡ ዘንድ የዋሉት ሲመለሱ የሬፉሂያ በቆሎ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር።

ዶን ኤውሴቢዮ ያን ዕለት እራት አልበላም። የእሱም በቆሎ ተልጦ፣ ጫፉ ተነቅሎ ተዘጋጅቷል። ሠራተኛው ብዙ ነውና ከድስቱ የተረፈው ብቻ ሌላ ድስት ይሞላ ነበር። ቢሆንም እንቅልፍ አልወሰደው። «ይህች ሴት አንድ የምታውቀው ነገር አለ» አለ። «ያን ነገር ማወቅ አለብኝ።»

በበዓሉ ዋዜማ ሬፉሂያና ኢግናሲያ ቦዩ ዳር ድስት ያጥባሉ። ከቦዩ ማዶ የቁልቋል አጥር አለ። ሬፉሂያ ቀና ስትል ከቁልቋሉ በላይ የአንድ ባርኔጣ ጫፍ አየች። ያን ባርኔጣ የማያውቅ ሰው በመንደሩ የለም። ኢግናሲያን በክርኗ ነካች፤ በዓይኗም አጥሩን አሳየቻት። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ከፍ ብታደርግ ማን ይገረማል? ኢግናሲያ ደንቆሮ ናት።

«እማማ ኢግናሲያ፣ ነገ ጨው እንዳልረሳ ያስታውሱኝ።»

«ምን?»

«ጨው! ውሃው ገና ሲፈላ የሚጨመረው ጨው!»

«ገና ሲፈላ?»

«ገና ሲፈላ! እፍኝ ሙሉ! በቆሎ ጨው ሲነካው ይቆጣል፤ ሲቆጣ ይፈነዳል። ቀድሞ ጨው ያገኘ ቀድሞ ያብባል!»

ኢግናሲያ ራሷን ነቀነቀች። «ይህን ምስጢር ለሰው እንዳትነግሪ።»

«ለማን እነግራለሁ? እኛ ብቻ ነን።»

ባርኔጣው ዝቅ አለና ከቁልቋሉ ኋላ ተሰወረ። ሁለቱ ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ድስታቸውን አጠቡ። ምክንያቱም ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጨው ከአበባ በፊት የነካው በቆሎ ይጠነክራል እንጂ አይከፈትም። ይህን በዚያ አገር ድስት ጥዳ የምታውቅ ሁሉ ታውቀዋለች። ዶን ኤውሴቢዮ ግን ድስት ጥዶ አያውቅም።

ነጋ። አደባባዩ ላይ ሁለት እሳት ነደደ። ሁለት ድስት ተጣደ፤ አንዱ የዶን ኤውሴቢዮ፣ አንዱ የሬፉሂያ። ሰው እየጎረፈ መጣ። ከበሮና ዋሽንት ተሰማ። ዶን ኤውሴቢዮ ወንበሩን ከድስቱ አጠገብ አስቀመጠ። ዓይኑ ግን የሬፉሂያ ድስት ላይ ነበር።

ውሃው መፍላት ጀመረ። ሬፉሂያ እጇን ጨው ማስቀመጫው ውስጥ ከተተች። ጨበጠች። እጇን ድስቷ ላይ ዘርግታ አራገፈች። እጇ ባዶ ነበር። ይህን ከእሷ በቀር ያወቀ የለም።

ዶን ኤውሴቢዮ ከወንበሩ ተነሣ።

«ቶማሳ፣ ጨው አምጪ።»

«አሁን፣ ጌታዬ?»

«አሁን።»

«ጌታዬ፣ ጨው ከአበባ በኋላ ነው። አሁን ከነካው—»

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ እኔን የምታዝዢኝ?»

«ማዘዜ አይደለም፣ ጌታዬ። ዕድሜ ልኬን—»

«ዕድሜ ልክሽን የኔን እንጀራ በላሽ፤ ዛሬ ለመበለቲቱ ልትወግኚ ነው? ስሚኝ። ዛሬ እኔ ካልጠየቅኩሽ በቀር አፍሽን እንዳትከፍቺ።»

ቶማሳ ራሷን ዝቅ አደረገች። «እሺ፣ ጌታዬ።»

ጨዉን በራሱ እጅ ጨመረ። እፍኝ ሙሉ። ሬፉሂያ ደግማ ባዶ እጇን አራገፈች። እሱም ደግሞ ጨመረ። ሬፉሂያ ሠለሰች። እሱም ሠለሰ። ቶማሳ ሽንኩርት ላምጣ በሚል ሰው ወደ ቤት ሄደች። ቆይታ ተመለሰች። እጅጌዋ ረጥቦ ነበር። ከጌታዋ ጎን እጇን አጣምራ ቆመች።

ፀሐይ ወጣች፤ ከፍ አለች። ሁለቱም ድስት ይንተከተካል። ሰው በሬፉሂያ ድስት ላይ አንገቱን ያሰግጋል፤ አበባ የለም። በዶን ኤውሴቢዮ ድስት ላይ ያሰግጋል፤ አበባ የለም። ኢግናሲያ ምርኩዟን ጨብጣ «እንዴት ነው?» ትላለች።

«ገና ነው።»

ፀሐይ ደግሞ ከፍ አለች።

«እንዴት ነው?»

«ገና ነው።»

የሬፉሂያ ፊት አመድ መሰለ። በቆሎ በአመድ መላጥን ዕድሜዋን ሁሉ ስትሰማው እንጂ ስትሠራው አልኖረችም። ጥላዋ እግሯ ሥር ሊገባ ደርሷል። ማሳዋን አሰበች። ዶን ኤውሴቢዮ ከወዲያ ፈገግ አለ። የእሱም አላበበም፤ ግን ሁለቱም ካላበቡ ውሃው እንደ ዓምናው ከእሱ ዘንድ ይቀራል። ሥርዓቱ እንዲያ ነው።

«እንዴት ነው?» አለች ኢግናሲያ።

ሬፉሂያ በጭልፋ አማሰለች። ቀና አላለችም። ደግማ አማሰለች። ከዚያ ጭልፋውን አወጣች። ጭልፋው ላይ አንዲት ፍሬ ነበረች። ተከፍታለች። ነጭ ናት።

«አበበ» አለ ከፊት የቆመው ሰው።

«የታል?»

«ያውና። ያውና ሌላ። እዚያም።»

በአንድ ጊዜ ድስቱ ሁሉ ነጭ ሆነ። ሰው ተገፋፋ። ከበሮው አበደ። ሬፉሂያ ያን ጊዜ ነው ጨው የጨመረችው፤ እውነተኛ ጨው፣ በተከፈተ እጅ፣ ሁሉ እያየ።

ዶን ኤውሴቢዮ ያን እጅ አየ። ቀስ ብሎ ገባው። ወደ ድስቱ ዞረና በጭልፋ ገለበጠው። በቆሎው እንደተጣደ ነው።

«እንጨት ጨምሩ» ብሎ ጮኸ። ጨመሩ። በቆሎው አላበበም።

«ውሃ ጨምሩ።» ጨመሩ። አላበበም።

«ሥጋ ጨምሩ።» ጨመሩ። አላበበም። እንጨቱን ሰደበ፣ ድስቱን ሰደበ፣ ሬፉሂያን ሰደበ። ቶማሳ እጇን አጣምራ ከጎኑ ቆማለች።

ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ዶን ፕላሲዶ ሳህኑን ይዞ መጣ። በሥርዓቱ መሠረት ከባለጸጋው ጀመረ። አንድ ማንኪያ ወደ አፉ አደረገ። ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዶን ፕላሲዶ መዳፉ ላይ ተፋ። መዳፉ ላይ አንድ የበቆሎ ፍሬና አንዲት ጥርስ ነበሩ።

«ይቺው ነበረችኝ» አለ።

ከሬፉሂያ ድስት ተቀዳለት። በርበሬና ሎሚ ጨመረበት። በድዱ በላው። ሳህኑን ጨረሰና ደግሞ ዘረጋ።

«ጥርስ አያስፈልገውም» አለ። «ውሃው የሬፉሂያ ነው።»

መንደሩ በላ። አሮጊቶቹ ቀድመው በሉ። በማግስቱ ቦዩ ወደ ሬፉሂያ ማሳ ተከፈተ። ማሳዋ ጠጣ፣ ጠገበ፤ የተረፈውን ለየጎረቤቱ ለቀቀችው። ዶን ኤውሴቢዮ በሥርዓቱ መሠረት መጨረሻ አጠጣ። የደረሰው ጭቃ ነው። በዓመቱ ከሰው የገዛውን ማሳ ለሰው መልሶ ሸጠ። አገሬውም አንዱን ፍሬ ከሌላው ጋር እያጋጨ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ ተረተበት። ያልበሰለውን ያጣፈጠ፣ የበሰለውን አይበላም።

ተረቴ ወረደ። ትከሻችሁ ይረፍ።

«ቶማሳስ?»

«ማናት የጠየቀችው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። እጅጌዋ ለምን ረጠበ?»

«ደግ አደረግሽ። ጠይቆ የሄደ ገደል አይገባም። ሳትጠይቂ ብትነሺ ኖሮ ግማሹን ይዘሽ ትሄጂ ነበር።»

በበዓሉ ማግስት ሬፉሂያ አመድ የወሰደችበትን ምድጃ ልታመሰግን በጓሮ በር ወደ ዶን ኤውሴቢዮ ማድቤት ገባች። ቶማሳ የለችም፤ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። ከምድጃው ኋላ አንድ ድስት ተከድኖ ተቀምጧል። ሬፉሂያ ከፈተችው። ከተረፈው በቆሎ የተሠራ ፖዞሌ ነበር፤ ሙሉ ድስት። አንድም ሳይቀር አብቧል። ማንም አልነካውም።

ቶማሳ እንስራዋን አዝላ ገባች።

«ይህ መቼ ተጣደ?» አለቻት ሬፉሂያ።

«ትናንት። እሱ ጨው ሲጨምር።»

«መቼ አበበ?»

«ከአንቺው በፊት። እንጨት ላምጣ ብዬ ስመለስ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላወጣሽውም?»

ቶማሳ እንስራዋን አወረደች። «ካልጠየቅኩሽ አፍሽን እንዳትከፍቺ አለኝ። ከጎኑ ቆምኩ። ምን ይሻላል ቢለኝ እነግረው ነበር። እንጨቱን ሳይቀር አናገረ፤ እኔን ግን አልጠየቀኝም።»

ሬፉሂያ ጭልፋውን አነሣች። ቀመሰችው።

ከእሷ ድስት ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር።